ሃይስኩል ሆኖ የኮሌጅ ክሬዲት መያዝ፦ ከከተማው ዳር ለሚማር ተማሪ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈቼ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ሆነው ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁ ወላጆች ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሃይስኩል ሳይጨርስ የኮሌጅ ኮርስ መያዝ ይችላል ወይ?» ከልጁ ጉብዝና በፊት ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ክሬዲቱን የሚሰጠው ፈተናውን ያወጣው ድርጅት ሳይሆን ልጁ በመጨረሻ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራሩ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ እዚያ ላይ የሌለ ፈተና ቢደፈን እንኳ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደሚማር፣ ቀጥሎ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ሠንጠረዥ ምን እንደሚል፣ ከዚያ በኋላ ገንዘብ። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የጀመረ ቤተሰብ በከንቱ ብዙ ብር ያወጣል።

ክሬዲት ሲባል በግምት በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ለአንድ ሴሚስተር ማለት ነው። አንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ክሬዲት አለው፤ የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ወደ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ሃይስኩል ሳለ ሁለት ኮርስ ያስቆጠረ ተማሪ ከአንድ ሴሚስተር ግማሽ ያህሉን አቃልሏል ማለት ነው።

አገር ቤት ለሚማር

ቁርጡ ይነገር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሃይስኩል ተማሪ ተቀብለው ኮርስ የሚያስተምሩበትና ክሬዲት የሚመዘግቡበት አሠራር የላቸውም። በሩ አንድ ነው፤ እሱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ600 ነጥብ 300 ያላመጣ ተማሪ ዲግሪ ለመጀመር ሬሜዲያል ገብቶ ማለፍ አለበት፤ ሬሜዲያሉ ደግሞ ወራት ይፈጃል እንጂ አንድም ክሬዲት አያስቆጥርም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደርሷል። ተሻሽሏል፤ ግን ከመቶ ዘጠኝ ተማሪ እንኳ የማያልፍበት ፈተና ከፊት እያለ ለውጭ ፈተና ብሎ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክለሳ የሚተው ልጅ ሁለቱንም ያጣል። የውጭው ዕቅድ የሚሠራው ከብሔራዊ ፈተናው ጋር የሚጋራው ይዘት ሲበዛ ነው፤ ሒሳብ ላይ ይበዛል፣ ኢኮኖሚክስ ላይ መጠነኛ ነው፣ የአሜሪካ ታሪክ ላይ ዜሮ ነው።

እዚሁ ለሚማር ልጅ ከክሬዲት ቀጥሎ ያለው ጥሩ ነገር የፍሬሽማን ሞጁል ነው። የጋራ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች በ2012 ዓ.ም. ከተመለሱ ወዲህ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብና ሌሎቹም በአገር አቀፍ ደረጃ በተዘጋጀ ሞጁል ይሰጣሉ። ፒዲኤፉ በነፃ ይገኛል። ብሔራዊ ፈተናው ካለቀ በኋላ እስከ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ድረስ ባሉት ወራት ሁለቱን ብቻ ማንበብ ይበቃል፦ ሒሳቡንና ሎጂኩን። ሒሳቡ በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት ቲዮሪ ይጀምራል። ሃይስኩል ላይ ምርጫ ማክበብ የለመደ ተማሪ ማረጋገጫ ጻፍ ሲባል እዚያው ይደናቀፋል። ከሎጂኩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቀው የፋላሲ ዓይነቶችና ካተጎሪካል ፕሮፖዚሽን ላይ ነው፤ ስማቸው ይመሳሰላል፣ ፈተና ላይ ጎን ለጎን ይመጣሉ። ክሬዲት አያስገኝም፤ ነገር ግን ዲፓርትመንት ሲደለደል የአንደኛ ዓመት ውጤት ይቆጠራልና ልፋቱ በከንቱ አይቀርም።

ኤፒ፦ ከሁሉም ሰፊው መንገድ

አሜሪካ ለመማር ለሚያስብ ተማሪ ቀዳሚው ኤፒ፣ ማለትም አድቫንስድ ፕሌስመንት ነው። የሚያወጣው ኤስኤቲን የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ብዙ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ3 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ተፎካካሪዎቹ 4 ወይም 5 ይፈልጋሉ፤ ጭራሽ የማይሰጡም አሉ። ኤምአይቲ ካልኩለስ ቢሲ በሚባለው ሰፋ ያለ የካልኩለስ ፈተና 5 ላመጣ የመጀመሪያውን የካልኩለስ ኮርስ ክሬዲት ይሰጣል፤ ካልቴክ ግን ለኤፒ ክሬዲት አይሰጥም። ሁለቱም በአንድ ረድፍ የሚጠሩ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። የኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የኤፒ ክሬዲት ፖሊሲ መፈለጊያ አለ፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሲያስገቡ ለየትኛው ፈተና በስንት ውጤት ስንት ክሬዲት እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ገጽ ከፍቶ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ሲለያዩ የሚሠራው የዩኒቨርሲቲው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ለመፈተን የኤፒ ክፍል ገብቶ መማር ግዴታ አለመሆኑ ነው። የሰበታ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪም በራሱ አንብቦ መፈተን ይችላል። ማነቆው ቦታው ነው። ፈተናው የሚሰጠው በአብዛኛው ኤፒ በሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ሲሆን እነሱም የውጭ ተማሪ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። በኮሌጅ ቦርድ የኤፒ ኮርስ መዝገብ ላይ አዲስ አበባ ብሎ መፈለግ፣ ለተገኙት ትምህርት ቤቶች የኤፒ አስተባባሪ ኢሜይል መጻፍ፣ መልስ ካልመጣ በአካል መሄድ ነው። ጊዜው ነሐሴና መስከረም ነው። ትምህርት ቤቱ የፈተና ወረቀት የሚያዝበት ቀነ ገደብ ኖቬምበር አጋማሽ፣ በእኛ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ስለሚውል ከጥቅምት በኋላ የሚጠይቅ ሰው ወይ ይመለሳል ወይ 40 ዶላር የመዘግየት ቅጣት ይጨመርበታል። መደበኛው ክፍያ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ለአንድ ፈተና ከ120 ዶላር በላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ወጪ ሊያክልበት ይችላል። ክፍያው ለትምህርት ቤቱ ስለሆነ የራስ የዶላር ካርድ አያስፈልግም፤ በብር ይሁን በዶላር፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በመስከረም የታሰበው ሒሳብ በኅዳር ያው ላይሆን ይችላል።

የትኛውን ልፈተን? ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ካልኩለስ ኤቢ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ሁለተኛው ምዕራፍ የካልኩለስ መግቢያ ስለሆነ መሠረቱ አለ። የሚጨመረው ሪሌትድ ሬትስ፣ የሎፒታል ሕግ፣ ስሎፕ ፊልድ፣ ሴፓረብል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና በመስቀለኛ ቁራጭ የሚሰላ ይዘት (ቮልዩም) ነው። ፈተናው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፤ 45 የምርጫ ጥያቄዎችና 6 የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ግማሽ ግማሽ ይይዛሉ። የእኛ ልጆች ነጥብ የሚያጡት የጽሑፉ ላይ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛ መልስ ላይ መድረስ ይበቃል፤ እዚህ ግን ምክንያቱ ካልተጻፈ ነጥብ የለም። «በዚህ ነጥብ ላይ ከፍተኛ ነው» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ የመጀመሪያው ዴሪቫቲቭ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ስለተቀየረ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስፈልጋል። አሃድ መርሳትም ያስቀንሳል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ኮሌጅ ቦርድ ያለፉ ዓመታትን የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በነፃ አውጥቷል፤ ሠርቶ በማረሚያው ራስን ማረም፣ ነጥብ በነጥብ። በሳምንት 5 ሰዓት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ የያዘ ልጅ ይደርሳል።

ፊዚክስ ሲመረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊዚክስ 1 ካልኩለስ የሌለው ስለሆነ ብዙ የምህንድስና ፕሮግራሞች አይቆጥሩትም፤ የሚቆጥሩት በካልኩለስ የሚሠራውን፣ «ፊዚክስ ሲ» የሚባለውን ነው። ኬሚስትሪ ላይ ላብራቶሪ ሳይገቡ መፈተን ይቻላል፤ ጥያቄዎቹ ግን ቲትሬሽንና ስፔክትሮፎቶሜትር ያየ ሰው እንደሚመልስ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ቪዲዮ አይቶ ዳታ መተንተን ካልተለማመደ ከዚያ ብዙ ያጣል። ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ ለብቻው ለሚያነብ አይመከርም፤ በዓመቱ ውስጥ ሠርቶ የሚያስገባው ፕሮጀክት ስላለው አስተናጋጅ ትምህርት ቤቱ በቅርብ መተባበር አለበት። ሴሚናርና ሪሰርች የሚባሉት ደግሞ ክፍል ውስጥ ካልሆነ አይወሰዱም። ማይክሮኢኮኖሚክስ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጥሩ ነው፤ 60 የምርጫና 3 የጽሑፍ ጥያቄዎች፣ ግራፉን በትክክል መሳልና መሰየም ላይ ያተኮረ።

አብዛኞቹ የኤፒ ፈተናዎች ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ ኮምፒውተር ላይ ሆነዋል። ካልኩለስ ላይ ምርጫው በስክሪን፣ የጽሑፉ ጥያቄ መልስ በእጅ በወረቀት ላይ ነው። ዴስሞስ የተባለው ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ውስጡ ስላለ ውድ ካልኩሌተር መግዛት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ዴስሞስን ፈተና ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈት ከባድ ኪሳራ ነው። ስልክ ላይ አይሠራም፤ ላፕቶፕ ወይም አይፓድ የሌለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ያውስ እንደሆነ በምዝገባው ጊዜ መጠየቅ አለበት። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጀመርና መልስ ሲላክ ነው፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው አይቆምም። የባትሪ ጉዳይ ግን ምሕረት የለውም። ባትሪዋ አንድ ሰዓት የማትቆይ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ፈተናውን ለመብራት ኃይል አደራ መስጠት ነው።

ጥናቱን በተመለከተ የዳር ከተማ ተማሪ ትልቁ ችግር ኢንተርኔቱ ነው። ካን አካዳሚ ላይ የኤፒ ካልኩለስ ሙሉ ኮርስ በነፃ አለ፤ ኮሊብሪ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የካን አካዳሚን ትምህርት አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ጎረቤት ልጆች በዋይፋይ ሊጋሩት ስለሚችሉ ለትምህርት ቤት ክበብም ያመቻል። በሌሊት ፓኬጅ ማውረድ፣ ቀን ማጥናት። ይህ ለጂቡቲ መንገድ ዳር ለገላንም ለኮንዶሚኒየሙ ለየካ አባዶም እኩል ይሠራል።

ኤ ሌቨል፣ አይቢ እና የተቀሩት

ኤፒ የሚቀበል ትምህርት ቤት ካልተገኘ ሁለተኛው አማራጭ የእንግሊዙ የሃይስኩል ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ኤ ሌቨል ነው። ብሪቲሽ ካውንስል ስለ ግል ተፈታኝ ምዝገባ የሚጠየቅበት የመጀመሪያው በር ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለኤ ሌቨል ሲ ወይም ቢ እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ለግማሹ፣ ለኤኤስ፣ የሚሰጡ ግን ጥቂት ናቸው። እዚያው እንግሊዝ ለሚማር ኤ ሌቨል የመግቢያ መስፈርት እንጂ ክሬዲት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ምርጫ ብዙ ትወስናለች፦ ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት ካምብሪጅ ይሁን ፒርሰን ኤዴክሴል። የካምብሪጅ ሒሳብ የተግባር ፈተና የለውም፤ ለግል ተፈታኝ ቀላሉ ነው። የካምብሪጅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግን ላብራቶሪ ገብተው የሚሠሩት ወረቀት አለባቸው፤ ላብራቶሪ ያለው ማዕከል ካልተስማማ ምዝገባው አይሳካም። ፒርሰን ኤዴክሴል ኢንተርናሽናል ኤ ሌቨል ደግሞ የተግባር ክህሎቱን በጽሑፍ ወረቀት ነው የሚፈትነው፤ ሦስተኛውና ስድስተኛው ዩኒት ማለት ነው። ስለዚህ ሳይንስ በግል የሚፈተን ልጅ ኤዴክሴል ቢመርጥ ብዙ ራስ ምታት ይቀርለታል። ሌላው ጥቅሙ በየዩኒቱ መፈተን መቻሉ ነው፤ በጥር፣ በግንቦትና ሰኔ፣ በጥቅምት። አንድ ዩኒት ቢበላሽ እሱን ብቻ ደግሞ መፈተን ይቻላል። ክፍያው በወረቀት ወይም በዩኒት ስለሚቆጠር ሙሉ ኤ ሌቨል ከአንድ ኤፒ በእጅጉ ይበልጣል፤ ምዝገባው ደግሞ ከፈተናው ወራት ቀድሞ ይዘጋል።

አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ዲፕሎማ ሁለት ዓመት የሚወስድ ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ 6 የትምህርት ዓይነቶች፣ 4,000 ቃል የሚደርስ ድርሰት፣ ቲዮሪ ኦፍ ኖውሌጅ። በግል አይወሰድም። አዲስ አበባ ላይ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩልና ሳንፎርድ ይሰጡታል፤ ክፍያቸው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ለጎበዝ ልጅ ያለው የስኮላርሺፕ መንገድ ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ ነው። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችን በየአገሩ ኮሚቴ እየመረጠ አይቢ ያስተምራል፤ የጨረሱትን ደግሞ ዴቪስ የተባለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም በአጋር የአሜሪካ ኮሌጆች ያግዛቸዋል። ስለዚህ የሚታሰበው በአሥረኛ ክፍል ነው፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባቡሩ ሄዷል። ክሬዲት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሃየር ሌቨል፣ ማለትም በከፍተኛው ደረጃ ለሚወሰዱት ትምህርቶች፣ ከ7ቱ 5 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ነው።

ክሌፕ፣ ማለትም ሌላው የኮሌጅ ቦርድ የክሬዲት ፈተና፣ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ስለሚወራለት ይጠየቃል። 34 ፈተናዎች አሉት፣ ከ20 እስከ 80 ይታረማል፣ 50 ማለፊያ ተደርጎ ይመከራል፣ ከኤፒም ይረክሳል። ችግሩ ቤት ሆኖ መፈተን የሚቻለው አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው ነው። እዚህ ሆኖ ስለ ክሌፕ መጨነቅ አያዋጣም፤ አሜሪካ ደርሶ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ማሰብ ይቻላል፤ ያኔ በጣም ጠቃሚ ነው።

በኦንላይን ኮርስ ክሬዲት የሚሰጡም አሉ። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሳል ለርነር ኮርስስ በሚለው ፕሮግራሙ በ25 ዶላር አስጀምሮ፣ ተማሪው ውጤቱን አይቶ ከወደደው በ400 ዶላር ትራንስክሪፕት ላይ ያሰፍርለታል፤ ካልወደደው አይመዘገብም። ይህ አሠራር ለፈሪ ሰው ጥሩ ነው። 400 ዶላር ግን 400 ዶላር ነው፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ሳያረጋግጡ መክፈል ተገቢ አይደለም። ሴይለር አካዳሚ ደግሞ ነፃ ኮርሶች አሉት፤ አንዳንዶቹ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት የክሬዲት ምክረ ሐሳብ አላቸው። ምክረ ሐሳብ ማለት ግን ዩኒቨርሲቲው ይቀበላል ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ «የአሜሪካ ክሬዲት በሁለት ሳምንት» እያሉ የሚሸጡት ይህንን ክፍተት ነው፤ ሰርተፊኬቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ሬጅስትራሩ ግን አያየውም።

ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?

ሒሳቡ እንደየሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው በክሬዲት 500 ዶላር ያስከፍላል ብንል፣ 4 ክሬዲት ያስቆጠረ አንድ የካልኩለስ ፈተና 2,000 ዶላር አተረፈ። ራሱ ከፍሎ ለሚማር ልጅ ይህ ግልጽ ትርፍ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስኮላርሺፕ ላገኘ ግን ክሬዲቱ ብር አያድንም፤ ጥቅሙ መጀመሪያውኑ ከፍ ያለ ኮርስ መጀመሩ ነው። ደግሞም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዲግሪው የተወሰነውን፣ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት ያህል፣ እነሱ ዘንድ መማርን ግዴታ ስለሚያደርጉ ፈተና እየቆለሉ መሄድ ወሰን አለው።

የፈተናው ዓመትም ልዩነት አለው። የአሜሪካ ማመልከቻ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ይዘጋል፤ የኤፒ ውጤት ጁላይ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በአሥራ አንደኛ ክፍል ግንቦት የተፈተነ ልጅ ውጤቱን ማመልከቻው ላይ ያሳያል፤ ከእኛ ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ጎን 5 ማሳየት ደግሞ ለስኮላርሺፕ ዓይን ይስባል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተነ ለክሬዲት ብቻ ነው የሚጠቅመው። ምርጫ ካለ አሥራ አንደኛ ክፍል ይሻላል፤ ብሔራዊ ፈተናውም አንድ ዓመት ይርቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «አንድ ዓመት ተምሬ ክሬዲቴን ይዤ አሜሪካ እሄዳለሁ» የሚል ተማሪ ነው። ሃይስኩል ሳለ ያገኘው ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛ ዓመት አመልካችነቱን አይነካበትም። ከተመረቀ በኋላ በመደበኛ ተማሪነት የተመዘገበን ግን ብዙ ኮሌጆች የዝውውር አመልካች አድርገው ይቆጥሩታል፤ ለውጭ አገር የዝውውር ተማሪ ያለው ስኮላርሺፕ ደግሞ ከአንደኛ ዓመቱ በጣም ያነሰ ነው። ሠላሳ ክሬዲት አገኘሁ ብሎ ሙሉ ስኮላርሺፕ የማጣት ነገር ነው። ከመመዝገቡ በፊት ለሚያመለክትባቸው ኮሌጆች ኢሜይል ጽፎ በምን ዓይነት አመልካችነት እንደሚታይ መጠየቅ አለበት። የአሜሪካ ኤምባሲ የሚያስተናግደው የኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክር ነፃ ነው፤ ይህን ዓይነት ጥያቄ ለእነሱ ማቅረብ ለኤጀንሲ ከመክፈል ይበልጣል።

ስም፣ ቀን፣ ሰዓት

ፈተናውን አልፎ ክሬዲቱ የሚጠፋበት ቦታ ይህ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ፎርሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያና የቤተሰብ ስም ነው። አንዱ ቦታ የአባትን፣ ሌላው ቦታ የአያትን ስም በመጨረሻ ያስገባ ልጅ ለሬጅስትራሩ ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍ፣ በሁሉም ቦታ። ፓስፖርት ከሌለ ከምዝገባው በፊት ማውጣት ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የተለየ አጻጻፍ ካለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ያስተካክለው፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ሬከርድ ኦፊሱ ሲጨናነቅ አይሆንም። የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር ቀንና ወሩ አብሮ ይቀየራል፤ ዓመቱን ብቻ 7 ወይም 8 ጨምሮ መጻፍ የተለመደ ጥፋት ነው።

የአሜሪካ ቀን ወሩን አስቀድሞ ይጽፋል። 05/06 ማለት ሜይ 6 ነው፤ ጁን 5 ብሎ የተቀመጠ ልጅ ፈተናው አምልጦታል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የጠዋቱ ፈተና 8 ሰዓት ሲል በእኛ 2 ሰዓት፣ የቀትሩ 12 ሲል በእኛ 6 ሰዓት ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ ሲሞላ የፈረንጁን ሰዓት ማስቀመጥ፣ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ በእኛ ሰዓት ጽፎ መለጠፍ ነው።

ኤፒ በሜይ ሁለት ሳምንት ውስጥ በዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚሰጥ የእኛን በዓል አይጠብቅም። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይውላል። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል የፈተናው ሳምንት የሚጀምረው ገና ዶሮው ሳያልቅ ነው፤ ለዚያ ዓመት ተፈታኝ የፋሲካ ማግስት ዕቅድ ከወዲሁ ከቤተሰብ ጋር ይነገር።

መንገዱም ይታሰብ። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ወደ መሃልና ወደ ምዕራቡ ክፍል ናቸው። ከአያት የሚነሳ ልጅ ባቡሩ ጦር ኃይሎች ያደርሰዋል፤ ከቃሊቲ የሚነሳ ወደ መሃል ይገባል፤ ለ2 ሰዓት ፈተና ግን በባቡሩ መተማመን አይገባም፤ የሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍም የታወቀ ነው። መሃል ከተማ ዘመድ ካለ ዋዜማውን እዚያ ማደር ነው፤ ከቻርጀርና ከማከፋፈያ ጋር። የሚፈተኑበትን ትምህርት ቤት በርም ከአንድ ሳምንት በፊት ሄዶ ማየት ጥሩ ነው፤ ጥበቃው የውጭ ተማሪ ስም ዝርዝር እንዳለው አስተባባሪውን ጠይቁ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ኮሌጅ ቦርድ በየዓመቱ የኤፒ ውጤትን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይልካል፤ ቀነ ገደቡ ጁን 20፣ በእኛ ሰኔ 13 ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያ ጊዜ የብሔራዊ ፈተና መዳረሻ ስለሆነ ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መላኪያ 15 ዶላር ነው፣ ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ግንቦት ላይ ከፈተና አዳራሽ በወጡበት ሳምንት አካውንቱን ከፍቶ የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ መምረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።